የግርጌ ማስታወሻ

ሥራዬ መቁጠር ነው፤ ይኼን ላስቀድመው፤
ዳንስ አልችልም እኔ፣ ሠርግ ቤት ግድግዳ ነው የምደገፈው።
በታምፔሬ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ፣
ድሮ ጥጥ በተፈተለበት ቀይ ግንብ፣ አሁን ማሽኑ ሄዶ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ አለ አንድ አዳራሽ፤
ወለሉ ጣውላ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ማሞቂያው አልቃሽ።

ማክሰኞና ዓርብ፣ በዘጠኝ ሰዓት ሲጨልም፣
ፓርኪንሰን እጃቸውን የሚያንቀጠቅጠው፣
ፊታቸው ፈገግታን የረሳ፣ ልባቸው ግን ያልረሳ
አሥራ ስምንት ሰዎች ይመጣሉ።
ኢርሜሊ ከወንበር ታስነሣቸዋለች፤
«ክንዳችሁ ቅርንጫፍ ነው» ትላለች፣ «በረዶውን አራግፉት፤
ቀስ ብሎ፣ ወፏ ሳትበር።»

ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ዳሳሽ አስሬያለሁ፤
በሰከንድ መቶ ጊዜ የሚልከውን ጓዳ ሆኜ እቀበላለሁ፤
የእርምጃ ርዝመት፣ የመዞሪያ ፍጥነት፣
የክንድ መወዛወዝ በማዕዘን ልኬት።
ኀዘንም ነጥብ አለው፤ መጠይቅ ተበጅቶለት
ይደመራል፣ ይካፈላል፣ ሰንጠረዥ ላይ ይውላል ሥፍራ ተሰጥቶት።

«የቀደሙት ጥናቶች» ይላል ፕሮፌሰሩ፣
«ሰባት ሰው፣ ዘጠኝ ሰው ይዘው ነው የመሰከሩ።
‹ተሻለኝ› ማለት ደስ ይላል፤ ማስረጃ ግን አይደለም።
ደግሞ ሙዚቃው ይሁን፣ ዳንሱ ይሁን፣ የኢርሜሊ ዓይን ይሁን
ማን ለይቶ ያውቃል?»
እውነቱን ነው። ስለዚህ ዕጣ ጣልን፤
ግማሹ ይደንስ፣ ግማሹ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ይጠብቅ አልን።

ዕጣው አውሊስን ከደጅ አስቀረው።
ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በዚሁ ግንብ ውስጥ
ሠላሳ ዓመት ሸማኔ ማሽን ጠግኗል።
ደዌው የሚይዘው በር ላይ ነው፤
መንገዱን በደህና መጥቶ ደፍ ላይ ሲደርስ
እግሩ እንደ ችካል ይተከላል፤
ሰውነቱ ወደ ፊት፣ ጫማው ወደ ኋላ።

ቀጠሮ ሳይኖረው ይመጣ ጀመር፤
ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ላይ ኮቱን ሳያወልቅ ይቀመጣል።
«አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው» ይላል።
ፌርማታው ታች ነው፤ መጠለያም አለው።
ዝም አልኩ።

በስድስተኛው ሳምንት፣ አኮርዲዮኑ ዋልስ ሲይዝ፣
አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት፣
ለመቅዳት ዞር ብዬ ሳይ አግዳሚው ባዶ ነው።
ከደፉ ላይ ቆሟል። አሁን ይተከላል አልኩ።
አልተተከለም።
በሁለት ላይ ተረከዙን አነሣ፣ በሦስት ላይ ተሻገረ፤
ማንም አላየው፤ ጣውላው ብቻ ጮኸ።
ሦስት ዙር ዞሮ፣ እንደ ሌባ ተመለሰ።

ዳሳሽ አላሰረም። ቁጥር አልነበረውም።
በቅጹ ላይ «ከመመሪያ የወጣ ክስተት» የሚል ሣጥን አለ፤
ምልክት ባደርግ ከጥናቱ ይወጣል፣
ባላደርግ እኔ እዋሻለሁ።
ሌሊቱን ስገላብጠው አድሬ
ሣጥኑን ሞላሁት፤ ከዚያ በገጹ እግር ሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣
«የአንድ ተጠባባቂ እግር አልጠበቀም» ብዬ ጻፍኩ።
ፕሮፌሰሩ ሠረዘው። «ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው» አለኝ፤
«ለዚህ ነው የምሠርዘው።»

ከጥናቱ ቢወጣም ተራው አልተነፈገም፤
በዐሥራ ሦስተኛው ሳምንት አውሊስ ተጠራ።
ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ጫማውን ወልውሎ መጣ።
ልማዴ ነውና ዳሳሹን አሰርኩለት፣ መብራቱ አረንጓዴ በራ፤
ኢርሜሊ እጇን ዘረጋች፣ ዋልሱም ተጀመረ፣
ደፉ ላይ ቆመ።
አንድ ሁለት ሦስት አለፈ።
አንድ ሁለት ሦስት።
ከኔ መስኮት ላይ መስመሩ ዝርግ ነው፤
እንደ በረዷማ ሐይቅ፣ ምንም የማይራመድበት።

ኮምፒውተሩን ትቼ ወጣሁ።
ተንበርክኬ ማሰሪያውን ፈታሁለት፤
ካልሲው ላይ ቀይ ክብ ምልክት ነበረ።
ቀና ብዬ፣ ፊቱን ሳላይ፣
«አውቶቡሱ ዛሬ ይዘገያል» አልኩት።